ያልታሸው እግር

ወጌሻዋ በሽተኛ ሲመጣላት ቶሎ እጇን አትዘረጋም። መጀመሪያ ጫማውን አስወልቃ ታራምደዋለች፤ ከፊቱ ታየዋለች፣ ከኋላው ታየዋለች፣ ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ባት ታስተያያለች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና ጥያቄዋን ትጀምራለች። መቼ ጀመረህ? ምን እየሠራህ ነበር? ይወጋሃል ወይስ ይከብድሃል? ወገቡን ይዞ እያቃሰተ የመጣ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ያበሽቀዋል። እንዲያውም አንድ ልብስ ሰፊ አንገቱ እንደ ተጣመመ ትዕግሥቱ አለቀና፣ «እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ልታሽ ነው ወይስ ልታጭ?» ብሏት ከመጋረጃው ወዲያ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ አስቋቸዋል።

እሷም አብራ ሳቀች፤ ጥያቄዋን ግን አላቆመችም።

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበታቿ የጥርስ ሐኪም ስላለ የመሰርሰሪያው ድምፅ ቀኑን ሙሉ በወለሉ በኩል ይሰማል። ሁለት አልጋዎች በአረንጓዴ መጋረጃ ተከፍለው ቆመዋል፤ በራስጌያቸው በኩል ፊት የሚገባበት ቀዳዳ አላቸው። ጥግ ላይ ፎጣ የሚሞቅበት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ የዘይት ጠርሙሶች፣ ግድግዳው ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ትልቅ ሥዕል አለ፤ ጡንቻው ቀይ፣ ጅማቱ ነጭ። ጫኝና አውራጆች፣ ኳስ ተጫዋቾች፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው የሚውሉ ጸሐፊዎች ይመጡላታል። ወለምታ፣ የተኮማተረ ጡንቻ፣ አልነሳም ያለ ትከሻ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሠራ አውራ ጣቶቿ ሰፍተው ሰፍተው፣ አሁን ጓንት ስትገዛ የወንድ ነው የምትገዛው።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ የሕንፃው ጥበቃ ደወለላት።

«እትዬ፣ ወንድሟ ነኝ የሚሉ ትልቅ ሰው ደረጃውን እያነከሱ እየወጡ ነው። ልደግፍዎ ብላቸው ተቆጡኝ።»

ሳታየውም አወቀችው። መደገፍን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሟ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ይነዳል። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ገና በልጅነቷ ነው የሞተው። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ አምስት፣ እሱ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ያን ጊዜ የመጋዘን ጫኝና አውራጅ የነበረው ወንድሟ አባትም እናትም ሆኖ አሳደጋት፤ የራሱን ጋብቻ አራት ዓመት አዘግይቶ አስተማራት። «ጋሼ» ነው የምትለው። ሰው ፊት አንቱ ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ።

በሩን ስትከፍትለት ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

«እንዴ ጋሼ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ፀሐይዋን ተያትና እግሬን እሺልኝ» አለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብሎ።

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ፤ እሺኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ደስ ብሏታል። ወንድሟ ሕመሙን ይዞ ወደ እሷ መምጣቱ ሽልማት መሰላት። ፎጣ ምድጃው ላይ ጣደችና እንደ ልማዷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«መቼ ጀመረህ?»

«አራት ቀን መንገድ ላይ ነበርኩ። ሁለቱን ቀን ከመሪው አልተነሳሁም ማለት ይቻላል፤ ምሳዬንም እዚያው ነው የበላሁት። ከትናንት ወዲያ ባቴን ያዝ ያዝ ያደርገኝ ጀመር። ዛሬ ጭራሽ መርገጥ አቃተኝ። ጡንቻው ተኮማትሮ ነው።»

«የቱ ጋ ነው ቀጭ ያለህ? ከመኪናው ስትወርድ? ጎማ ስታነሳ?»

«ቀጭም ቋም አላለም። ዝም ብሎ መጣ።»

ይህ «ዝም ብሎ መጣ» የሚለው ነገር ደስ አላላትም። ጡንቻ ሲጎዳ ሰዓቱን ያውቃል። የተጎዳ ሰው «ኳሷን ስመታ»፣ «ጆንያውን ሳዞር»፣ «ከአውቶቡስ ስዘል» ብሎ ይናገራል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበችው። ግራ ባቱ ከቀኙ ወፍሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ መቅላትም ጀምሯል። ከኪሷ ሜትር አውጥታ ለካችው፤ ግራው ከቀኙ አራት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የእጇን ጀርባ አስጠግታ ሳትጫን ሙቀቱን አዳመጠችው። እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር ይፋጃል።

እጇን ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ክፍሉ ራቀባት። ይህን እግር ከዚህ በፊት አይታዋለች።

ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት እናቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ እግሯ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ነበር። ከጀሶ የሚወጣ እግር ይሰልላል፤ የእናቷ ግን አብጦ፣ ሞቆ ወጣ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ «ልጄ፣ እስቲ ይህን እግሬን እሺልኝ፤ ከባድ ሆነብኝ» አለቻት። ልጅቷ ዘይት አሙቃ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ለረጅም ጊዜ አሸቻት። እናቷ እየታሸች እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ተነሣች፤ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለችና በእጇ ግድግዳውን ፈለገች። ጎረቤት እስኪደርስ አልቆየችም። ሰው ሁሉ «ልቧ ነው» አለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ለእሷ የተከፈተው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ሙያውን ስትማር ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እግር ሣለ፤ በእግሩ ውስጥ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ውስጥ አንድ ነጥብ። «ብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ የቆየ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል» አለ። «አንዱ እግር ብቻ ያብጣል፣ ይሞቃል። ጡንቻ ይመስላችኋል። ካሻችሁት የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ በሽተኛው ትንፋሽ አጠረኝ ይላል፤ ከዚያ በኋላ እናንተ የምትሉት የለም።» ተማሪው ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እሷ ወጥታ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር አስታወከች። ሁለት ሳምንት ከክፍል ቀረች። ከዚያ ተመለሰች። ለምን እንደ ተመለሰች ለራሷም በደንብ አልገባትም፤ ምናልባት ሳታይ ማንንም የማትነካ አንዲት ወጌሻ በዚህ ዓለም ላይ እንድትኖር ፈልጋ ይሆናል። ለማንም አልተናገረችም። በተለይ ለወንድሟ።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አላት ወንድሟ። «ዘይቱ የታለ?»

«ጋሼ፣ ይህን እግር አላሽም።»

«ምን ማለት ነው አላሽም?»

«አልነካውም። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ሳቀባት። «ወጌሻ ነሽ ወይስ የሆስፒታል ደላላ?»

«ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል።»

«የምን ደም ነው? ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሄድ የኖረ ደም ዛሬ ምን አቆመው?»

«መቀመጥ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ነገ ጠዋት ጭነት እንዳለበት፣ መኪናው ተጭኖ እንደሚጠብቀው፣ ሆስፒታል ከገባ ቀኑ በወረፋ እንደሚያልቅ ነገራት። እሷ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች። በመጨረሻ ሆድ ባሰው።

«ይገርማል» አለ ካልሲውን እየሳበ። «አላፊ አግዳሚው እዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ ይታሻል። ለባዕድ የማትነፍጊውን እጅ ለእኔ ነፈግሽኝ። ደህና፤ ጋራዥ ጎሚስታው አለ። የከባድ መኪና ጎማ የሚፈታ እጅ እግር አያቅተውም።»

ተነሥቶ በአንድ እግሩ ወደ በሩ አነከሰ። ጎሚስታውን ታውቀዋለች፤ ክንዱ እንደ ግንድ ነው። እነዚያ ክንዶች በዚህ ባት ላይ ሲያርፉ ታያት። ሮጣ በሩ ላይ ተገተረች።

«ዞር በይ።»

«ጋሼ፣ እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

የተናገረችው ነገር ለራሷ ጆሮም እንግዳ ሆነባት። ወንድሟ የበሩን እጀታ እንደ ያዘ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

ነገረችው። ከጀሶው ጀምራ ነገረችው፤ ዘይቱን፣ እንቅልፉን፣ ትንፋሽ አጠረኝ ያለችውን፣ ሰሌዳው ላይ የተሣለውን እግር። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ሃያ አራት ዓመት በልቧ ስታጠናው የኖረችው ነገር ስለሆነ ቃላቱ ተራቸውን ያውቃሉ። ከታች መሰርሰሪያው ያፏጫል። ስትጨርስ፣ «የእሷ እግር ይህ ነበር» አለችው። «ቁርጥ ይህ። ሁለተኛ አላሽም።»

ወንድሟ ወደ እግሩ አየ፤ የራሱ ያልሆነ ነገር የተሰጠው ይመስል ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው አፈግፍጎ አልጋውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «እንሂድ።»

ደረጃውን እንዲወርድ አልፈቀደችለትም። ጥበቃውና የጥርስ ሐኪሙ ረዳት ከነወንበሩ ተሸክመውት ወረዱ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ፣ «ሙሽራ ስትሸከሙ ዘፈኑን ረሳችሁት እኮ» አላቸው። ማንም አልሳቀም፤ እሱም የእህቱን የእጅ አንጓ ጨምድዶ እንደ ያዘ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም በአልትራሳውንድ አየችው። የረጋው ደም ከባቱ ጀምሮ ከጉልበቱ በላይ ወጥቷል።

«ይህን እግር ያሸው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም» አለች ወጌሻዋ።

«እንኳንም!» አለች ሐኪሟ፣ ሌላ ነገር ሳትጨምር። ሆዱ ላይ መርፌ ወጋችው፤ አልጋም ተሰጠው።

ሁለት ቀን ሙሉ ወንድሟ አላናገራትም። ለሚስቱ ይመልሳል፣ ለነርሶቹ ይመልሳል፤ እህቱ ስትገባ ግን ዓይኑን ወደ መስኮቱ ይልካል። እሷም አልፈረደችበትም። እናቱን ማን እንዳሳጣው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የሰማ ሰው ምን ሊል ይችላል? ቢጠላት እንኳ ይጥላት፤ በሕይወት ኖሮ ይጥላት። እንዲህ እያለች ራሷን ታጽናናለች። ከክፍሉ ስትወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን መደገፍ ያምራታል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሚስቱ የሚቀየር ልብስ ልታመጣለት ወደ ቤት ሄደች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ያን ቀን» አለ ወንድሟ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይመልስ፣ «ከትምህርት ቤት የመጣሽው ስንት ሰዓት ነበር?»

«አሥር ሰዓት ገደማ።»

«እኔ ያን ቀን ሥራ የምገባው ከሰዓት ነበር። ከምሳ በፊት እማዬ ጠራችኝ። እግሬን እሺልኝ እንዳለችሽ ሁሉ እኔንም ቀድማ ብላኝ ነበር። አሸሁላት።»

ወጌሻዋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ያን ጊዜ እጄ እንዴት እንደ ነበር ታውቂያለሽ። በቀን ሁለት መቶ ጆንያ የማነሣ ሰው ነበርኩ። ጮኸች። ‹ቀስ በል፤ እግር ነው እንጂ ጆንያ አይደለም› አለችኝ። እኔ ደግሞ ጡንቻው እንዲፈታ ብዬ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። በኋላ አንቺን ደግማ የለመነችሽ የእኔ እጅ ስላሳመማት ነው። አንቺ ጋ ሲደርስ እግሩ ከእኔ እጅ ወጥቶ ነበር።» ዞሮ አያት። «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ አይደለም። እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው።»

እፎይ ማለት ነበረባት። አላለችም። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፤ በማን ላይ እንደሆነ የማታውቀው ንዴት። ሃያ አራት ዓመት ብቻዋን አቅፋ የኖረችው ነገር ሌላም ባለቤት ነበረው። አንድ ቀን፣ አንድ የእረፍት ቀን፣ አፏን ከፍታ ቢሆን ኖሮ! ከዚያ ወንድሟን አየችው። ነጭ አንሶላ ለብሶ የተቀመጠ፣ ጺሙን ያልተላጨ ሽማግሌ። እሷ በሃያ ሦስት ዓመቷ ዛፍ ሥር ያወቀችውን እሱ ገና አሁን ማወቁ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ እጅን እያዩ መዋልን፣ ሰዓቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ መተኛትን። ሕይወቱን ያተረፈችለት ይህን አሸክማው ነው።

«ባልነግርህ ይሻል ነበር» አለችው።

«ባትነግሪኝማ ጎሚስታው ጋ ነበርኩ።»

ሐኪሟ በሽተኞቿን እያየች እነሱ ጋ ስትደርስ ወንድሟ ዝም ብሎ አላሳለፋትም፤ የእናታቸውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራትና «ማናችን ነን?» አላት፤ የሰፈር ጥፋት እንደሚያጣራ ሰው። ሐኪሟ መዝገቧን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ጊዜ ምርመራ አልተደረገም» አለች። «የረጋ ደም ከነበረ ማንም ሳይነካው፣ እሳቸው ከአልጋ ሲነሡ ብቻ ሊነቀል ይችላል። በመታሸቱም ሊሆን ይችላል። ልባቸውም ሊሆን ይችላል። አሁን ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ ብዬ እንዳልዋሻችሁ።»

ሐኪሟ ከሄደች በኋላ ወንድሟ ትራሱን አስተካከለ።

«እንግዲህ የማይታወቅ ከሆነ ለእኔ ይሁን» አለ። «ታላቅ እኔ ነኝ። አንቺ ይበቃሻል።»

«ርስት ነው እንዴ በታላቅነት የምትወስደው?»

«ርስት ቢሆን ለአንቺ አልለቅም ነበር፤ ጎበዝ ተከራካሪ ነሽ።»

ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነም። እሱም ሳቀ። አጠገባቸው የተኛው ሰው አንገቱን አስግጎ አያቸው። ሳቁ መሀል ላይ የወንድሟ ድምፅ ተሰበረና ፊቱን በአንሶላው ሸፈነ። እሷ ወንበሯን አስጠግታ፣ መርፌ ያልተተከለበትን እጁን ይዛ፣ ሚስቱ እስክትመለስ ድረስ ተቀመጠች።

መድኃኒቱን ስድስት ወር ወሰደ። ሲመለስ አጭር መንገድ ጠይቆ ተሰጠው፤ በየሁለት ሰዓቱ መኪናውን አቁሞ ይወርድና ተሳቢውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሌሎቹ ሹፌሮች መጀመሪያ አሾፉበት፤ አሁን ሁለት ሦስቱ አብረውት ይዞራሉ። ስለ እናታቸው አንዳንድ ቀን ያነሣሉ፣ አንዳንድ ቀን አያነሡም። ለወጌሻዋ ሸክሙ አልጠፋም። ግን ደግሞ ስታስበው «እኔ» ትል የነበረው «እኛ» ሆኗል፤ ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ውላ አድራ ገብቷታል።

አንድ ቅዳሜ ወንድሟ የሐኪሟን ወረቀት ይዞ ደረጃውን ወጣ። መታሸት እንደሚችል ተጽፎለታል። ያመመው ትከሻው ነበር፤ ግራው፣ በመስኮት በኩል ነፋስ ሲመታው የኖረው። አላመነችውም። ጫማውን አስወልቃ አራመደችው፣ እግሮቹን ለካች፣ ጥያቄዎቿን ሁሉ ጠየቀች። እሱም እንደ ተማሪ ቆሞ መለሰ። ከዚያ በሆዱ አስተኛችው፤ ፊቱ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

ትከሻው ድንጋይ ነበር። ከማጅራቱ እስከ ክንዱ ድረስ ያለው ጡንቻ እንደ ታሰረ ገመድ ተቋጥሯል። ሳትቸኩል በመዳፏ አሞቀችው፤ ቋጠሮውን ስታገኝ አውራ ጣቷን አሳርፋ እስኪለቅ ጠበቀች።

«እማዬ ያን ቀን ስታሺያት ምን አለችሽ?» አለ፤ ድምፁ ከወለሉ የሚመጣ ይመስላል።

ማንም ጠይቋት አያውቅም። እጇን ሳታነሣ አሰበች።

«ጫማሽን አውልቂ አለችኝ። ከእነ ጫማዬ አልጋው ላይ ወጥቼ ነበር። አንሶላው ትናንት ነው የታጠበው፣ አንቺ ልጅ መቼ ነው ሰው የምትሆኚው ብላ ተቆጣችኝ።»

አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀ ነው።

«ዝም በል፤ ስትስቅ ጡንቻህ ይጠነክራል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ተኛች።»

ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ቋጠሮ እየላላ መጣ፤ ትንፋሹም እየረዘመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንኮራፋት ጀመረ። የሞቀ ፎጣ አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ተራቸውን ለሚጠብቁት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትንሽ ታገሡኝ» አለቻቸው፤ «ወንድሜ ተኝቷል።»